በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?

ከቤቴ በወጣሁበት ማታ ባለቤቴ ሻንጣዬን ደጋግሞ ከፍቶ ዘጋው። የተረሳ ነገር ኖሮ አይደለም፤ እጁ ሥራ አጥቶ ነው። ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ፣ ቅቤውን በጣሳ አድርጌ፣ ለሦስት ወር ብቻ ነው የምሄደው እያልኩ ጎረቤቱን ተሰናበትኩ። ውሸቴን አልነበረም። ከምንጭ ውሃ ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ መቀመጥ ጀምሬ ነበር። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ደረቴን አዳምጦ ልብ ነው፣ ትልቅ ሐኪም ይየው አለ። ልጄ ዳንኤል ከጆሃንስበርግ ትኬት ላከ። ታክሜ ልመለስ ነበር፣ በቃ።

ቅቤውን ኤርፖርት ላይ ወሰዱብኝ። ጓንት ያደረገች ሴት ጣሳውን አሽትታ፣ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ሄደች። እኛ አገር ለዚያ ቅቤ ሰው ሙግት ይቆማል።

ዳንኤል ቴምቢሳ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ይዟል፤ የምንኖረውም ከሱቁ ጀርባ ነው። እዚህ ሰኔ ሲገባ አጥንት የሚሰብር ብርድ ይመጣል፤ አንድ ጠብታ ግን አይወርድም። ዝናብ የሌለው ብርድ ምን ሊረባ? ሰዎቹን ግን ወድጃቸዋለሁ። አሮጊትን ሁሉ «ጎጎ» ይላሉ፤ ሰላም ሳይሉም ሳሙና አይጠይቁም። በዚህ የእኛን ሰው ይመስላሉ።

ሆስፒታል የወሰደችኝ የልጅ ልጄ ሜሮን ናት፤ እዚህ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር። መዝጋቢዋ የተወለድኩበትን ቀን ጠየቀችኝ። ድንች ሲነቀል ነው አልኩ። ሴትዮዋ ጃንዋሪ አንድ ብላ ጻፈች። እናቴ ሁለት ቀን ያማጠችኝን እሷ በአንድ እስክሪብቶ ተገላገለችኝ።

ወጣቱ ሐኪም ደግ ነው፤ ግን ይቸኩላል። ይህንም ያንንም ጠየቀና በመጨረሻ ሜሮን ዞራ፣ «እማማ፣ በስንት ትራስ ነው የምትተኚው ይልሻል» አለችኝ።

ተቆጣሁ። ምን አገባው? እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ የቤቱ አራት ትራስ በሙሉ እኔ ጀርባ ሥር ነበር። ጋደም ካልኩ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ትንፋሼ ይቆረጣል። ስለዚህ የልጄም፣ የምራቴም፣ የሜሮንም ትራስ ወደ እኔ ይመጣና እነሱ ጃኬት አጥፈው ይተኛሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለልጆቼ ቂጣ ስቆርስ በዓይኔ መዝኜ ያካፈልኩ ሴት ነኝ። የሰው ድርሻ ሰብስባ የተኛች አሮጊት ተብዬ መዝገብ ላይ ልሰፍር?

«አንድ» አልኩ። «እንደ ሰው ሁሉ።»

ሜሮን አየችኝ። አበባ ያለበት ትራስ የእሷ ነው፤ ከሁሉ በላይ የምደርበው እሱን ነው። ግን በሥርዓት ያደገች ልጅ ናት፤ በእንግዳ ፊት አያቷን ውሸታም አታደርግም። «ዋን» አለችው። ሐኪሙም ጻፈ። ቀለል ያለ ክኒን ሰጥቶ ከጥቂት ወር በኋላ ነይ አለኝ።

ወገኖቼ፣ ሐኪም ትራስ የሚቆጥረው ኑሯችሁን ሊገምት አይደለም። ልብ ሲደክም ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፤ ቀና ብለው ካልተኙ መተንፈስ የለም። የትራሱ ቁጥር የድካሙ ልክ ነው። ይህን የተማርኩት በወሩ እግሬ እንደ ቅል አብጦ፣ ተሸክመው ሲያስገቡኝ ነው።

ያን ቀን ያገኘችኝ ሐኪም ፀጉሯ የነጣ፣ አጭር ሴት ናት። መዝገቤን አነበበች፤ ስለ ትራስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። አልጋዬን ዝቅ አድርጋ ዘረጋችኝና እጄን ይዛ ቆመች። እልኸኛ ነኝ፤ ጥርሴን ነከስኩ። አልቻልኩም። የአልጋውን ብረት ጨብጬ ተፈናጥሬ ተነሣሁ፤ እሷም ደገፈችኝ።

ሜሮን ታለቅሳለች። «አራት ነው በያት፣ እማማ።»

«አራት ነው» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ውሃው በሽንት ወጥቶ ሲቀለኝ፣ ሐኪሟ ከአምስት ተማሪዎቿ ጋር መጣች። የአንገቴን ደም ሥር በጎን አየች፣ ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ተጭና የቀረውን ጉድጓድ አሳየቻቸው። ልጅ ሳለሽ ጉሮሮሽን ታመሽ፣ ጉልበትና ክርንሽ በየተራ አብጦ ያውቃል ወይ አለችኝ። እንዴት አወቀች? እናቴ በቅቤ ታሸኝ ነበር። ያ በሽታ የልብሽን በር ሲያጠብ ኖሯል አለች። በግራ ጎኔ አስተኝታ፣ ትንፋሼን አውጥቼ እንድይዝ ነግራ፣ ከጡቴ ሥር አዳመጠች። ተማሪዎቹም በተራ አዳመጡ። አምስተኛው ሲጨርስ ማዳመጫውን ያዝኩበት።

«ሁላችሁም ሰማችሁ» አልኩ። «ስድሳ ዓመት የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ብቻ አልሰማሁም። ይህ ፍርድ ነው?»

ሜሮን ስትተረጉም ተማሪዎቹ ሳቁ። ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ጎጎ ልክ ናት ብላ ጆሮዬ ላይ ሰካችው። ትርታው የሚያነክስ አህያ አረማመድ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ድምፅ አለ፤ ዝቅ ብሎ የሚንከባለል፣ በሐምሌ ከተራራው ማዶ የሚያጉረመርም ነጎድጓድ። አገሬ ሳለሁ ያንን ስሰማ የተሰጣ እህል ላስገባ እሮጥ ነበር። እዚያ አልጋ ላይ እግሬ ሊነሣ ምንም አልቀረው።

መቼ ነው አገሬ የምገባው አልኳት። ትርታው ስለሚያነክስ ደሜ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ዕድሜ ልክ ልውጥ ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ይፈሳል፤ ስለዚህ በየወሩ ደም መለካት አለ። ጎመን እንኳ አንድ ቀን ድስት ሙሉ፣ አንድ ቀን ባዶ ከሆነ ልኩን ያዛባል። ደምሽን በየወሩ የሚለኩበት ቦታ ካለ ሂጂ አለችኝ።

ቅዳሜ ለባለቤቴ ደወልኩ። «የዳንኤል አባት፣ ከተማ ሄድክ ወይ?»

«ሄድኩ። የደም መለኪያው መሣሪያ አለ፣ የሚጨመርበት ነገር ነው ያለቀው፤ በወሩ ተመለስ አሉኝ።»

«ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያሉህ።»

«አሁን እንኳ ለምደውኛል። ወንበር ይሰጡኛል።»

ጉልበቱን አውቀዋለሁ፤ መኪና እስኪገኝ ያለው መንገድ ቀላል አይደለም። ተወው፣ አትድከም፣ እዚህ ልጆቹ አሉልኝ አልኩት።

«በቆሎው ደርሷል» አለኝ። «ብቻዬን እሸት አይጣፍጠኝም። በወሩ እሄዳለሁ።»

ስልክ መዝጋት አያውቅበትም። አንድ ቦታ አስቀምጦት ወጣ። ሲያስል፣ ላሟን በስሟ ሲጠራ፣ የበረቱን አጥር ሲያነሣ እሰማለሁ። ካርዱ እስኪያልቅ ጆሮዬ ላይ ያዝኩት።