ገመናው በዝግ፣ ውሳኔው በአደባባይ

ጃለኔ ሂርጳ አምቦ ውስጥ አብራኝ ታስተምራለች፤ እኔ ባዮሎጂ፣ እሷ ኮምፒውተር። ከዚያ ሌላ ደመወዝ የማይከፈላት ሥራ አላት። በስልክ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ሲጻፍ የፊደል ስህተት የሚያርም ፕሮግራም ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ኃላፊዎቹ ግን አምስት ነበሩ፣ አንዷ እሷ። የሚመካከሩትም ሌላ ሰው በማይገባበት የቴሌግራም ግሩፕ ነበር።

በ2012 ክረምት ኢንተርኔት ተቋርጦ ከረመ። ሲመለስ ጃለኔ ግሩፑን ብትከፍት፣ ቀድሞ የተመለሰላቸው አራቱ ያለ እሷ ወስነው ጨርሰዋል፦ የካቺሲው መምህር ቀጀላ የላካቸው የአገሩ የጊንደበረት የአፋን ኦሮሞ ቃላት ይውጡ፤ እሱም ከእንግዲህ ኮዱን እንዳይነካ።

ቀጀላ በሚኒባስ አምቦ ድረስ መጣ። የመምህራን ክፍል ውስጥ ነበርን።

"ጃለኔ፣ ምን አጠፋሁ? በሩን ዘጉብኝ እንጂ ምክንያቱን የነገረኝ የለም።"

ስልኳን ብታሳየው ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን እዚያው ውይይት ውስጥ ሰዎች ተማምነው ያወሩት የሌላ ሰው ጉዳይም ነበረበት። ምን እንደሆነ እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

"ላሳይህ አልችልም፤ የሰው ገመና አለበት። ምክንያቱን ግን ሁሉም በሚያየው ቦታ አስጽፋቸዋለሁ" አለችው።

ቅር ብሎት ሄደ። እሷ በፕሮጀክቱ የአደባባይ ገጽ ላይ ጻፈች፦ "የሰው የግል ጉዳይና ገና ያልተደፈነ የፕሮግራሙ የደኅንነት ቀዳዳ በዝግ ይነገር። የሥራ ውሳኔ ግን ከነምክንያቱ እዚህ ይጻፍ። ከቀጀላ እንጀምር።"

ወዲያው ሆርዶፋ ደወለ፤ ከአራቱ አንዱ፣ ፕሮግራሙን የጀመረው ሰው ነው። ጩኸቱ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

"ወይ ጽሑፉን አንሺ፣ ወይ ከኃላፊነት ውረጂ!"

"ኦቦ ሆርዶፋ፣ የማንንም ገመና አላወጣሁም። ምክንያት ካለን ለምን እናፍርበታለን?"

 ጽሑፉን አላነሳችም።

ከጊንጪም ከነቀምትም "እውነት ቃላቱ ለምን ወጡ?" የሚሉ ሰዎች በገጹ ላይ ተከታተሉ። ሆርዶፋ አማራጭ ሲያጣ ምክንያቱን ጻፈ፦ ቃላቱ የተሳሳቱ መስሏቸው ነው። ቀጀላ ለእያንዳንዱ ቃል ምሳሌ ሰጠ፣ የአገሩ ሰዎችም "እኛ ጋ እንዲሁ ነው የሚባለው" ብለው መሰከሩለት። ለሆርዶፋም ክብር ይግባውና፣ ሰው ሁሉ እያየ "ተሳስተናል፣ ይቅርታ" ብሎ ጻፈ። ቃላቱ ተመለሱ፤ የቀጀላም ፈቃድ ተመለሰ። የጃለኔ ሐሳብ የፕሮጀክቱ ደንብ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በፕሮግራሙ ላይ የሚሠሩት ራሳቸው ኃላፊ ሲመርጡ እሷም ቀጀላም ተመረጡ።

ባለፈው ዓመት ጃለኔ ፕሮግራሙ በአሮጌ ስልኮች ላይ መሥራቱ ይቅር ብላ ሐሳብ አቀረበች። ቀጀላ "የካቺሲ ገበሬ የያዘው እኮ እሱኑ ስልክ ነው" ብሎ በገጹ ላይ ተከራከራት። ድምፅ ተሰጠ።

"ተሸነፍኩ!" እያለች የመምህራን ክፍል ገባች፣ ፊቷ በርቶ።

"ታዲያ ምን ያስፈነድቅሻል?" አልኳት።

"በጓዳ አይደለማ! ፊት ለፊት ተከራክሮ ነው የረታኝ።"

ለአሮጌዎቹ ስልኮች የሚያስፈልገውን ኮድ በዚያው ሳምንት ራሷ ጻፈችው።