የግራ እጅ ደም ስር

ከሆስፒታል አንስተው የሴቶች ማህበር ሊቀመንበር አድርገው ቢሮ ሲያስቀምጡኝ፣ ይህቺ ነርስ ለአብዮቱ ከመርፌ ይልቅ በማይክሮፎን ትጠቅማለች ተብሎ ነበር። አልተከራከርኩም፤ ማይክሮፎን አያስታውከውም፣ ሌሊትም አይጣራም። ዓመታት አለፉ። ከዚያ ደግሞ ባለሙያ ወደ ሙያው ይመለስ የሚል መመሪያ መጣ። መመሪያውን ራሴ ለተሰብሳቢው አንብቤ፣ ራሴው አስጨብጭቤ፣ በማግስቱ ከሳቢያን ሰፈር በጋሪ ወደ ሆስፒታሌ ተመለስኩ።

የክፍሉ ኃላፊ ድሮ አብራኝ የተማረች ነርስ ናት። ነጩ ጋወን ሆዴ ላይ አልቆለፍ ሲል አይታ፣ አብዮቱ በደንብ እንደያዘኝ ነገረችኝ። ከዚያ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ብላ የመርፌውን ትሪ አስይዛኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

አልጋው ላይ የተኛችው የባቡር ሠራተኛ ሚስት ናት። ከስብሰባዬ ቀርታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታንቀላፋ ነበር። ተቅማጥና ትውከት አድርቋታል፣ የተረፈውን የድሬ ሙቀት ጨርሶታል። ግሉኮስ ቶሎ ካልገባላት እንደምትሞት ለማወቅ ነርስ መሆን አያሻም። ደም ስሯ ግን የለም።

ቀኝ እጇን ወጋሁ፣ ሳትኩ። ደግሜ ወጋሁ፣ ሳትኩ። ስለ ጭቆና ያለ ወረቀት ግማሽ ቀን የሚናገረው አፌ «ይቅርታ» ማለት አቃተው። ፈራሁ፤ ካድሬዎቹ ለግምገማ ሲጠሩኝ እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እሷ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አወቀችኝ። «አቦ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች፣ «ንግግሩ ይሻልሽ ነበር።» በሐሳቡ ተስማማሁ።

ግራ ክንዷን በላስቲክ አሰርኩና እጅሽን ጨብጪ አልኳት። ጨበጠች። ጨብጣም ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ አነሳችው፤ ዓይኗን ጨፍና፣ በደረቀ ከንፈሯ «ትቅደም» እያለች። ከጎኗ የተኛችውም በሽተኛ እጇን አነሳች፣ ቀሪ ተብላ እንዳትመዘገብ ይመስለኛል። ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ።

«አውርጂው፣ እናቴ» አልኳት። ያን ሁሉ ጊዜ ስብሰባ ላይ ግራ እጅሽን አንሺ ስላት ኖሬ፣ አውርጂ ያልኳት ያን ዕለት ብቻ ነው። ክንዷን ከአልጋው በታች አንጠልጥዬ አሸሁት፤ ቆይቶ አንድ ቀጭን ደም ስር ከጣቴ ስር ብቅ አለ። ወጋሁ። ደም ወደ ጎማው ሲመለስ አለቀስኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ። ላስቲኩን ፈታሁላት።

ግሉኮሱ መንጠባጠብ ሲጀምር ዓይኗን ገለጠች።

«ስብሰባው አለቀ?»

«አለቀ» አልኳት።