ለታካሚዬ ሽምግልና ሄጄ

ጊዜው ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ነው። ብዙ ሽምግልና አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

ከደሴ ተመድቤ መጥቼ አሰላ የምሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ገመቹ ታካሚዬ ነው። አዲስ አበባ የምሽት ክበብ ውስጥ ሲሠራ ኮኬይን ለምዶ፣ ሥራውንም ጤናውንም አጥቶ ወላጆቹ ዘንድ ሲሬ ተመለሰ። ለዚህ ሱስ “ዋጠውና ትድናለህ” የሚባል ኪኒን የለም። ያለው ምክር፣ ክትትልና የታካሚው ትዕግሥት ነው። ገመቹ በሚኒባስ እየተመላለሰ ታከመ። አንዴ አገረሸበት፤ እንደገና ተነሣና ተወው።

አንድ ቀን “ሮቤ ከተማ ሃና የምትባል የምወዳት ልጅ አለች፤ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ” አለኝ። “ገና ሽበት እንኳ የለኝም” ብዬ ብነግረውም አልሰማ አለ። ከአጎቱ ጋር ሄድን።

የልጅቷ አባት ጋሽ ደበሌ በአክብሮት ተቀበሉን። አጎትየው በሽማግሌ ወግ ማሞካሸት ጀመሩ። “ልጃችን እንኳን ሌላ ሱስ፣ ሲጋራ አሽትቶ አያውቅም!”

ጋሽ ደበሌ ወደ እኔ ዞሩ። “እርስዎስ የልጁ ምኑ ነዎት?”

ብዋሽ አንድን አባት በልጃቸው ማታለል ነው። እውነቱን ብናገር የታካሚዬን ምሥጢር ማውጣት ነው፤ ትዳሩም ሊቀር ነው። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁና ለገመቹ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት።

“ስልኩን ይዘው ይግቡ፤ ራሴ እነግራቸዋለሁ” አለ።

ሽምግልና ላይ ሙሽራ ሲናገር የት አገር ታይቷል! ቢሆንም ገባሁና የስልኩን ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት።

“አባባ፣ ኮኬይን የሚባል ዕፅ እወስድ ነበር። አሰላ ታክሜ ተውኩት። ሃና ታውቃለች፤ እርስዎም ከእኔው አፍ ይስሙት ብዬ ነው።”

አጎቱ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

“ዳግም ቢያምርህስ?” አሉ ጋሽ ደበሌ።

“ያምረኛል እንጂ። ሲያምረኝ ስልኩን ለያዙት ነርስ እደውላለሁ።”

ጋብቻው የቀረ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ደበሌ ግን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው “እዚህ ቤት የመጣ ሽማግሌ ሁሉ እንከን የሌለው ልጅ ነው ያመጣልኝ” አሉ። “ከነእንከኑ የመጣው አንተ ብቻ ነህ። ጋሪዳ ልጄ!” አሉት በኦሮምኛ። “ደግ አደረግህ! ከእንግዲህ ሲያምርህ ለእኔም ደውል።”

ተጋቡ። ገመቹ አሁንም ክትትሉን አላቋረጠም። አንዳንዴ ጋሽ ደበሌ አብረውት ይመጡና ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቁታል። ሰው “ማንን ሊያሳክሙ መጡ?” ሲላቸው ድምፃቸውን ሳይቀንሱ “ልጄን” ይላሉ። ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ስሰማቸው በሁለቱም እኮራለሁ፤ በሙያዬም እኮራለሁ።