በአንድ ድስት የገለበጥነው ወጥ

«ሥጋው የማን ነው?» አሉኝ ሽማግሌው፣ ሳህናቸውን እንደዘረጉ።

ዛሬ መቱ መናኸሪያ አጠገብ፣ ለጎዳና ተዳዳሪዎች ምሳ ከሚያድሉ ወጣቶች ጋር ጭልፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ጥያቄውን ስሰማ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለስኩት።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ መቱ ይህንኑ ተጠይቄያለሁ።

ያኔ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ለቡና ለቀማ ወደ ያዮ የሚሄዱ ሰዎች በየሱቁ በረንዳ ላይ ቀሩ። ስንቃቸውም አለቀ። እኛ ተማሪዎች ከየቤቱ እንጀራና ወጥ ለምነን ሰበሰብን። ለመሸከም እንዲቀለን (ብልጦች ነና!) ወጡን ሁሉ በአንድ ትልቅ ድስት ገለበጥነው።

የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ቤት ሥጋ፣ አንድ ላይ።

በረንዳው ጫፍ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። «የሁለቱም ነው፣ አባባ» አልኳቸው፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ።

«ጋላቶማ፣ ልጄ» ብለው አመስግነው ሳህኑን መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አልነካውም። በረንዳ ሙሉ የተራበ ሰው፣ ድስት ሙሉ ወጥ፣ መሃል ላይ እኔ።

እንጀራውን ደረቁን በሉ። ወጡን ውሻ በላው።

ይህን ታሪክ ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራው ኖሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ለወጣቶቹ መንገር ረሳሁ።

ዘወር ብዬ ድስቱን ያመጣችውን ልጅ ሥጋው የማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ከየቤቱ ነው የሰበሰብነው፣ ጋሼ። ለመሸከም እንዲቀለን ቀላቀልነው» አለችኝ በፈገግታ።

ሽማግሌው ሳህናቸውን እንደዘረጉ ይጠብቁኛል።

እስቲ እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ምን አላችኋቸው?