ቶላሳ የጠፋ ሰሞን

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ደወለች። «አክስቴ፣ መምህራችን የአንደኛ ዓመት ልጆችን ኬሚስትሪ እንዳስጠና መረጠኝ» አለችኝ ደስ ብሏት። «ጎበዝ» አልኳትና ሳላስበው «ስለ ልጆቹ የሚጠይቅሽ ሰው አለ?» የሚል ቃል አመለጠኝ። «ምን ብሎ?» አለች ግራ ገብቷት። ወሬ ቀየርኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ልቤ የተማሪነት ዘመኔ ላይ ነበር።

እኔ የጊንጪ ልጅ ነኝ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን በቤተ ሙከራ እንዳግዝ የኬሚስትሪ መምህሬ መረጠኝ። ጋዝ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚሟሟ ለማሳየት የአምቦ ውሃ ይዤ ገባሁና ከፈትኩት። ፊሽ ሲል ይስቃሉ ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ግቢው ረብሻ አይቶ፣ ልጆች ታስረው የተፈቱበት ጊዜ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ሌሎችን እንዲያስጠና ሲመደብ፣ ያስጠናል ወይስ ይሰልላል የሚለው ጥርጣሬ በሁሉም ሆድ ውስጥ አለ። አባቴ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ መሆኑ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ክፍል ገብቷል። ስገባ ጨዋታቸው ይቋረጣል። በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ?»፣ እንዴት ናችሁ ስላቸው «ፈያ»፣ ደህና ብለው ወደ ብልቃጣቸው ይዞራሉ። ደፍሮ የሚጠይቀኝ ቶላሳ የሚባል ከጊንደበረት የመጣ የካቺሲ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ግንባሩን ቋጥሮ ነው፣ የሚፈትነኝ ይመስል።

ኅዳር ላይ ቶላሳ ጠፋ። መምህሩ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ።

«ያ የካቺሲው ልጅ የት ሄደ?»

«አላውቅም።»

«ከማን ጋር ነው የሚውለው?»

ድምፁ ለስላሳ ነበር። አስቦለት ይሆናል፤ ሌላ ሰው አስጠይቆትም ይሆናል። «እሱንም አላውቅም» አልኩ። ፈገግ ብሎ ሄደ። ዞር ስል ሁለት ተማሪዎቼ ግድግዳ ተደግፈው ያዩኛል።

ከሰዓት በኋላ ለጥናት የመጣችው ጫልቱ ብቻ ነበረች፤ ከቶላሳ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ ልጅ። አልተቀመጠችም።

«ለመምህሩ የሰው ስም ሰጠሽ?»

«አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ምን አለሽ?»

«ከማን ጋር እንደሚውል ጠየቀኝ።»

አንገቷን ነቀነቀችና ወጣች። እውነቱ ራሱ ከአፌ ሲወጣ ጥፋተኛ አስመሰለኝ።

ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ይጋባል። ከዚያ ወዲያ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ «ዛሬ ምን አስተማርሽ?» ስትለኝ እንኳ ለምን ጠየቀችኝ እላለሁ። ሽሮዬን ብቻዬን እየበላሁ፣ የልጁን ነገር እያሰብኩ ሳምንቱ አለቀ። በእውነት ተይዞ ቢሆንስ?

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ወረድኩ። ከጊንደበረት የመጣ አንድ ሹፌር ስለ ቶላሳ ብጠይቀው «አንቺ ማን ነሽ? ለምን ፈለግሽው?» አለኝ። ምን እንደምለው ሳላውቅ ቆሜ ሳለሁ ቶላሳ ራሱ ከኋላ ከቆመው አውቶቡስ ወረደ፤ ፀጉሩ በአቧራ ቀልቷል፣ ቋጠሮ ይዟል።

«ማን ላከሽ?» አለኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጠኝ።

«ማንም። ጠፋህብን።»

«አባቴ ታሞ ነበር። ጤፉ ሳይረግፍ አጭጄ መጣሁ» አለ። ቋጠሮውን ፈታና በቅቤ ከታሸ የገብስ ጭኮ ቆርሶ ሰጠኝ። እስክውጥ ድረስ ዓይኑን ከፊቴ አልነቀለም።

ሰኞ ለጥናት መጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

ቶላሳ አሁን ባኮ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ውስጥ በቆሎ ላይ ይመራመራል። አምና ለሥራ ሄጄ፣ መንገድ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ እሸት እየበላን ጠየቅኩት።

«ያን ሰኞ አምነኸኝ ነው የመጣኸው?»

«የለም፤ ፈተና ደርሶ ነበር» አለ። ከዚያ እየሳቀ፣ «መምህሩስ? ምናልባት ስለ እኔ ጨንቆት ብቻ ነበር እኮ። አንቺስ አመንሽው?»

እኔ ላይ የሆነውን ሁሉ እኔም በሰውየው ላይ ሳደርግ መኖሬን እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም ነበር።

መምህሩ ጡረታ ወጥተው አሁንም አምቦ ይኖራሉ። ለዘመድ ጥየቃ ስሄድ አንዳንዴ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል፤ እኔም በአጭሩ እመልሳለሁ። ተሰነባብተን እንኳ ቶሎ አይሄዱም። የሚነግሩኝ አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። ወይም ጠርጥሬ ይሆናል።