ጋሼ ቼን የሰጠን ሻይ

እማዬ ቅርንፉድ የምታስቀምጥባት አረንጓዴ ቆርቆሮ አለች። ቀለሟ ተላልጧል፤ የቻይንኛ ጽሑፏም ጠፍቶ ሊያልቅ ነው። ክዳኗ በተከፈተ ቁጥር እኔ የሚታወሰኝ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የሠራሁት ጉድ ነው።

ያኔ የምንኖረው ታቦር የሚባል ሰፈር ነበር። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዷን ክፍል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ቼን የሚባል ወጣት ቻይናዊ ተከራይቷት ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ቻይና! ቻይና!» እያለ ሲከተለው፣ እማዬ ግን «አስተማሪ አይደለም እንዴ? ጋሼ በይው!» ብላ በቁንጥጫ አስለመደችኝ። አንድ ክረምት ወባ ጣለው። እናቱ አጠገቡ የለችም ብላ እማዬ ሳምንት ሙሉ አጥሚት እየሠራች አስታመመችው።

ሲድን ያችን ቆርቆሮ ይዞ መጣ። እማዬ ገበያ ስለሄደች ለእኔ ሰጠኝ። በተሰባበረ አማርኛው፣ ሲቸግረውም በእጁ እያሳየ አስረዳኝ። ኡሎንግ የሚባል ሻይ ነው። አባቱ ተራራ ላይ ካሉ ጥቂት ዛፎች በእጁ የለቀመው ነው፤ በዓመት አንዴ፣ ያውም ጥቂት ብቻ ነው የሚገኘው። ያንኑ ቅጠል ስድስት ሰባት ጊዜ ውሃ እየጨመሩ ይጠጡታል። «ትንሽ ቅጠል፣ ሙቅ ውሃ። ስኳር የለም! ንገሪ እናት» አለኝ።

ስኳር የለም? እኔ ሻይ የምወደው ለስኳሩ አይደል እንዴ! ብነግራት ስኳር የሌለው ሻይ ልታጠጣኝ ነው ብዬ ነገሩን ዋጥ አደረግኩት። «ሻይ ነው፤ አመሰግናለሁ ብሏል» አልኳትና ሱዚ ልጫወት ሮጥኩ።

እሁድ እኛ ቤት የጸሎት ፕሮግራም ነበር። እማዬ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብላ ቆርቆሮዋን እንዳለች ትልቁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገለበጠቻት። ቀረፋ ጨመረች፣ ቅርንፉድ ጨመረች፣ ስኳሩንማ በጭልፋ ነበር። እስኪጠቁር አንተከተከችው። ከዚያ ጋሼ ቼንን ጠርታ ከሰዎቹ መሃል አስቀመጠችው። «ልጄ፣ ያንተው ሻይ ነው። ጌታ ይባርክህ!» አለችው።

ባዶዋን ቆርቆሮ አየ። ኩባያውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። አፉን ቢከፍት እማዬ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ልታፍር ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነው። እሱ ግን ፉት አለና «ጎበዝ እማማ! ጣፋጭ!» አለ። ደስ ብሏት ደገመችለት። ሦስተኛም ቀዳችለት፤ ጠጣው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ክፍሉ ጠራኝ። ሊቆጣኝ ነው ስል፣ ለራሱ በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀራትን ትንሽዬ ቅጠል አውጥቶ ሙቅ ውሃ አፈሰሰባት። ተጠቅልሎ የደረቀው ቅጠል ቀስ እያለ ተዘረጋ። የመጀመሪያው ሲኒ አበባ አበባ ሸተተኝ። ሦስተኛው ላይ የማር ጣዕም መጣ፣ ያለ ስኳር! መጨረሻው ደግሞ ዝናብ የመታው ድንጋይ ይሸታል። አንድም የቁጣ ቃል ሳይወጣው አብረን ጠጣን። እስከ ዛሬ ለዚያ ዝምታው አመሰግነዋለሁ።

ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። እሱም ውሉን ጨርሶ አገሩ ገባ።

ባለፈው ወር ቻይና ተምራ የተመለሰች ባልደረባዬ ኡሎንግ አመጣችልኝ። እማዬን አሁን ሐኪም ስኳር ከልክሏታል፤ ያቺ በጭልፋ ትጨምር የነበረችው! ልክ እንደ ጋሼ ቼን አድርጌ ቀዳሁላት። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንቺ፣ ማር ጨመርሽበት እንዴ?»

ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ቆርቆሮዋን ከመደርደሪያው አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አይ ልጄ» አለች። እኔን መስሎኝ ቀና አልኩ፤ እሷ ግን የምታየው ቆርቆሮዋን ነበር። «ሦስት ኩባያ እኮ ነው የጠጣልኝ!»