ጠዋት አትምጣብኝ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ስልጠና አዘጋጀልን። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ለግላጋ ወጣት ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ተሰጥኦ ሲያስተምረን ሰነበተ። ሰው ሁሉ ሲፈጠር የተሰጠው ነገር አለ፣ የሕይወታችሁም ዓላማ ያለው እዚያው ውስጥ ነው አለን። አልታወቅ ካላችሁ ደግሞ፣ ሰው ሳይከፍላችሁ ደጋግሞ የሚጠራችሁ ለምን እንደሆነ ተመልከቱ አለ። አንዷ መምህርት ወጥ መሥራት አለች። የስፖርት መምህሩ ልጆች ማጫወት አለ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ “ሒሳብ አስተምራለሁ” አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጠው ባልደረባዬ አላስቻለውም፤ “እሱን የሚጠሩት ለመርዶ ነው” አለ። አሰልጣኙ ሳቅ የሚከተል መስሎት ትንሽ ጠበቀ። ማንም አልሳቀም። “ጥሩ፣ ቀጣይ” ብሎ አለፈኝ።

ባልደረባዬ አልዋሸም። በፍኖተ ሰላምና በዙሪያዋ ሰው የሞተበት ቤተ ዘመድ መጀመሪያ የሚፈልገው ድንኳን ነው፣ ቀጥሎ እኔን ነው።

የጀመረኝ ጅጋ አስተምር በነበረ ጊዜ ነው። የጎረቤቴ ባል ባሕር ዳር ሆስፒታል ገብቶ አረፈ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ አልቅሶ እንዲወጣለት። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ሲሄዱ እኔንም ለማጀቢያ ወሰዱኝ። ትልቁ ሽማግሌ እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀመሩ። ታሞ እንደነበር፣ ተሽሎት እንደነበር፣ እግዜር ያመጣውን መቀበል እንደሚገባ። ሴትዮዋ ፊታችንን እያፈራረቀች ታያለች፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ እሳቸው ገና ከህመሙ አልወጡም። አላስቻለኝም። ከእግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩና “ባለቤትሽ ትናንት አርፏል። ወንድሙ አጠገቡ ነበር። ውሃ ለምኖ ጠጣና ተኛ፣ በዚያው ቀረ” አልኳት። አለቀሰች፣ ግን መሬት ላይ አልተፈጠፈጠችም። “ጠጣ?” አለችኝ። “ጠጣ” አልኳት። ሽማግሌው ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው “ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች። ያንተዋ ግን አትሰብርም” አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ። ዘዴ አለህ ወይ ይሉኛል፤ ዘዴ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የማደርገው። ከመሄዴ በፊት ሟቹ አጠገብ የነበረውን ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ፤ ማን ያዘው፣ ምን አለ፣ ምን ቀመሰ። ኋላ ላይ ሐዘንተኛ ሌሊቱን የሚያገላብጠው እሱን ነውና። ያገኘሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እወስዳለሁ። ታሟል፣ ጠንቶበታል የሚባለውን ጨዋታ አልወድም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ሰው ላይ እኮራ ነበር።

ተሰጥኦ የሚሉት ነገር ግን ያስከፍላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መሰላል ልዋስ ጎረቤት በር አንኳኳሁ። ልጇ አረብ አገር የሄደባት ሴት ናት። በሩን ከፍታ እኔን ስታይ ነጠላዋን ጥላ “ልጄን!” ብላ ጮኸች። ሰፈሩ ተሰበሰበ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መሰላል ፈልጌ ነው፣ በማርያም መሰላል ብቻ ነው እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ሳይረፍድ የማንንም በር አንኳኩቼ አላውቅም።

እናቴ ይህን ሰምታ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቋርጣ “አንተ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት አትምጣብኝ። የመጣህ እንደሆነ ማታ ና” አለችኝ። የምትኖረው ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለ ገጠር ነው። እሺ አልኳት፣ ቃሌንም ጠበቅሁ። ቅዳሜ ወደ ማታ እሄዳለሁ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እመለሳለሁ። ስመጣ ከሩቅ አይታኝ ጀምበሯን ቀና ብላ ታያለች፣ ከዚያ ፊቷ ይፈታል።

ታናሽ ወንድሜ ቡሬ ነበር፤ በአይሱዙ በቆሎ ያመላልሳል። አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ የኔው በር ተንኳኳ። ርዕሰ መምህራችንና ሁለት ጎረቤቶቼ ናቸው። “ወንድምህ ትንሽ አሞት...” ብለው ጀመሩ። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እነሱ ጭራሽ ለአርጂው ሊያረዱት መጡ። “ግቡ ተቀመጡ፤ መኪናው ነው?” አልኳቸው። ርዕሰ መምህሩ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እሱን ሳባብል የራሴን ለቅሶ ሳላለቅሰው ቀረሁ፣ እስከ ዛሬም በቅጡ አልወጣልኝም። ለእናትህ ማን ይንገር አሉኝ። ሌላ ማን አለ?

በመጀመሪያው ሚኒባስ ቡሬ ወረድኩ። መኪናው የተገለበጠው ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻ ዳር ነው። ቀድሞ የደረሰውን ገበሬ ሆስፒታሉ በር ላይ በሸሚዝ ብቻ ቆሞ አገኘሁት፣ በዚያ ብርድ። ጋቢው ወንድሜ ላይ ነበር። እንደ ልማዴ ጠየቅሁት። “ስደርስ አልቆ ነበር፣ ወንድሜ። ጋቢዬን ጣል ከማድረግ በቀር ምንም አላደረግሁለት” አለኝ። ማንም አልነበረም? ማንም። እንግዲህ ስንቄ ይኸው ነበር።

በማግስቱ በማለዳ ሽማግሌዎቹን በሩ ላይ ትቼ ወደ እናቴ ግቢ ገባሁ። ጥጃውን ልትፈታ ጎንበስ ብላ ነበር። አየችኝ። ሰማዩን አየች። “ማታ ነበር የምትመጣው” አለችኝ። ገመዱን አልለቀቀችም። “የትኛው ነው?” አለች።

እግሯ ሥር ተቀምጬ ነገርኳት። አልጮኸችም፤ እዚያው ጭቃው ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ገመዱን እንደያዘች “ማን ነበር አጠገቡ?” አለችኝ። ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

“ማንም አልነበረም፣ እምዬ።”

“ውሃስ?”

“ገበሬው ሲደርስ አልቆ ነበር። ጋቢውን አለበሰው።”

እህቴ በሦስተኛው ቀን ጓሮ ወስዳ ተቆጣችኝ። “ምን ነበረበት፣ ሰው አጠገቡ ነበረ ብትላት? ውሃ ጠጥቶ ነው ብትላት ምን ይጎድልብህ ነበር?” አለችኝ። አልችልም አልኳት። አልችልምም ነበር። ለባዳ ያልዋሸሁትን ለእናቴ ልዋሽ? እህቴ “እንግዲያ ጸጋህን ይዘህ ተቀመጥ” ብላኝ ሄደች።

ተዝካሩ ወጣ፣ ሰው ተበተነ። እናቴ እህል ትቀምሳለች፤ ውሃ ነው እምቢ ያላት። ጣሳውን ታነሳለች፣ ከንፈሯ ጋ ስታደርስ ትቆማለች። “ጠምቶት ይሆን?” ትላለች፣ ለማንም አይደለም። ከዚያ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። የጤና ጣቢያዋ ሴት መጥታ መከረቻት፣ የንስሐ አባቷ መከሯት፤ ሁሉንም እሺ ትላለች። እኔ ማታ ማታ እየሄድኩ ጣሳው ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም አያለሁ። ያቺን ጣሳ እኔ ነኝ ያቆምኳት። የሰው እናት እንዳትሰበር ስንቱን ደጅ የዞርኩ ሰው፣ የራሴን እናት በእውነት አደረቅኋት።

በዚያ ሁሉ መሐል ግን ትፈትል ነበር። ዓይኗ ደክሟል፣ በጣቷ ነው የምታየው። ድሩን ሸማኔ ቤት አደረሰችና ጋቢ ሆኖ ሲመጣላት “የዚያ ሰው ጋቢ ከልጄ ጋር አፈር ገብቷል። ሳልመልስለት መቅረት የለብኝም፤ ውሰደኝ” አለችኝ።

ወሰድኳት። ከቡሬ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር። ገበሬው ቤት ደጃፍ ላይ በርበሬ አስጥቷል። አወቀኝ፣ ተነስቶ እጅ ነሳ። እናቴ ጋቢውን በሁለት እጇ ትከሻው ላይ ጣለችለት፣ መረቀችው፣ ልጆቹን መረቀችለት። አሜን እያለ አጎንብሶ ተቀበለ። ሲጨርሱ እጁን አልለቀቀችውም።

“ጌታዬ፣ ከንፈሩን አይተውታል? ደርቆ ነበር?” አለችው።

ገበሬው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እሱም ሆስፒታሉ በር ላይ የነገረኝን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ የእናቴን ከንፈር አየ።

“ኧረ እናቴ፣ አጠጥቼዋለሁ እኮ” አላት።

“ልጄ ማንም አልነበረም አለኝ።”

“ለእሱ አልነገርኩትም። ያን ዕለት ሰዉም ፖሊሱም ተሰብስቦ፣ ነገር ይመጣብኛል ብዬ ፈራሁ። ውሃ ለመነኝ፣ ሰጠሁት። ደህና አድርጎ ጠጣ። እጄ ላይ ነው ያረፈ።”

“በምን አጠጡት?”

ወደ ቤቱ ዞር ብሎ አየ። “በቅል” አላትና ቤት ገብቶ ቅል ይዞ ወጣ። ጥቀርሻ ለብሷል፤ ከዓመታት ወዲህ ከግድግዳ እንዳልወረደ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ወደ እርሻ ይዞት የሚወርደው ውሃማ በቢጫ የዘይት ጀሪካን በሩ ላይ ተቀምጧል። ቅሉን በአዲሱ ጋቢ ጫፍ ጠረገው፣ ከጀሪካኑ ቀድቶ ሰጣት። እናቴ የቅሉን አፍ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሳትቆም ጠጣችው፣ እስከ መጨረሻው፣ ውሃው አገጯ ላይ እየወረደ።

“ሰማህ?” አለችኝ።

ሁለቱም አዩኝ። “ሰማሁ” አልኳት።

ስንወጣ ወደ ኋላ ቀረት አልኩ። ልጠይቀው ነበር፣ ሥራዬ እሱ ነውና፤ የቱ ጊዜ ነው የዋሸህ ልለው። ገበሬው በርበሬውን እያገላበጠ ቀና ሳይል “በሰላም ግቡ” አለኝ። ይህ ሰው መርዶ አርዳልን ተብሎ በሕይወቱ የተጠራ አይመስለኝም። ሳልጠይቀው ሄድኩ።

አሁንም ይጠሩኛል፣ አሁንም እሄዳለሁ። ጥያቄዬን እጠይቃለሁ፤ መልሱ ግን እንደ ድሮው አያኮራኝም። ያ አሰልጣኝ የተሰጠህን ስትጠቀምበት ሰላም ታገኛለህ ብሎ ነበር።

ገበሬው ቅሉን ለእናቴ ሰጣት። አጥባ፣ አጥና፣ ከምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች። አሁን በጣሳ አትጠጣም። ቅዳሜ ማታ ስደርስ ጀምበሯን እንደ ልማዷ ታያለች፣ ፊቷ ይፈታል፣ ቅሉን አውርዳ ቀድታ ትሰጠኛለች። “ጠጣ፣ ወንድምህ የጠጣበት ነው” ትለኛለች። እኔም እጠጣለሁ።